«እንተያይ» የተባለው ለምንድን ነው? «ክርስትና የብቻ ጉዞ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ አማኞች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ ጽሑፍ አለ፤ ርዕሱ «ክርስትና የብቻ ጉዞ ነው» ይላል። ጸሐፊው በኅብረት ውስጥ ተጎድተው የወጡ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ቁስላቸውን አናቃልልም። ነገር ግን ጽሑፉን አንብበው የሰፈራቸውን የቤት ኅብረት (ጥቂት አማኞች በየቤቱ የሚሰበሰቡበትን ጉባኤ) እርግፍ አድርገው የተዉ ወጣቶች ስላሉ፣ በሁለቱ ከተሞች የቤት ኅብረቶችን የምናስተባብር የወንጌል አማኞች ዝም ማለት አልቻልንም።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ጸሎት የእልፍኝ ጉዳይ ነው። ታላላቆቹ የእምነት ሰዎች፣ ኤልያስም የበረሃ አባቶች የተባሉት የጥንት መነኮሳትም፣ ብቻቸውን የኖሩ ናቸው። ስብከትና መዝሙር ከስልክ ላይ እንደ ልብ ይገኛል። ለችግርና ለሐዘን ቅሬ (እድር) አለን። በኅብረት የተነገረ ምስጢር ሳምንት ሳይሞላው ገበያ ይወጣል። «አይዞህ» የሚል ቃል የደከመ ሰው አያነሣም፤ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ጊዜውም የለም። መዝጊያቸው ገላትያ 6፥5 ነው፦ «እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ሸክም ሊሸከም ነውና።» የእኛ መልስ ዕብራውያን 10፥24 ላይ ያለው «እርስ በርሳችን እንተያይ» የሚለው ቃል ነው። የጸሐፊውን ነጥቦች በየተራ እንሄድባቸዋለን። አንዳንዱን ቶሎ እናልፈዋለን፤ ስለ ምስጢር ያሉት ግን እውነት ስላለበት ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል።

እልፍኙ

ማቴዎስ 6፥6 በትክክል ተጠቅሷል። ጌታ «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ በስውር ላለው አባትህ ጸልይ» ብሏል። ጸሐፊው ግን ንባቡን ቁጥር 6 ላይ አቆሙት። ሦስት ቁጥር ዝቅ ሲሉ፣ በዚያው ንግግር ውስጥ፣ በእልፍኙ የሚጸለየው ጸሎት ተሰጥቷል፤ እሱም «አባታችን ሆይ» ብሎ ይጀምራል። እንጀራው «እንጀራችን» ነው፤ በደሉም «በደላችን» ነው። በሩን ዘግቶ ብቻውን የተንበረከከ ሰው እንኳ አፉን ሲከፍት ወንድሞቹን ይዞ ይገባል። የተከለከለው ምን እንደ ሆነም ቁጥር 5 ላይ ተጽፏል፤ ለሰው ለመታየት ብሎ በአደባባይ ማዕዘን መቆም ነው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ባዘነች ጊዜ ሦስቱን ነጥሎ ወስዶ «በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» ብሏቸዋል። ተኙበት። እየተኙበትም ሦስት ጊዜ ወደ እነሱ ተመለሰ። የእግዚአብሔር ልጅ በጭንቁ ሰዓት አጠገቡ ሰው ከፈለገ፣ እኛ አያስፈልገንም ለማለት የሚያስችል ምን አለን?

ኤልያስና ሐይቅ

ኤልያስ ብቻውን የቀረበት ቀን 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ነው። ብላቴናውን ቤርሳቤህ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር መጀመሪያ ያደረገለት እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውሃ መስጠት ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ቀጥሎ «እኔም ብቻዬን ቀርቻለሁ» ያለውን አረመው፤ ለበኣል ያልተንበረከኩ 7,000 ሰዎች ነበሩ። ከዚያም ኤልሳዕን ሰጠው። ጸሐፊው ለአርአያነት ያቀረቡት ብቸኝነት እግዚአብሔር ያከመው ሕመም ነበር።

ስለ በረሃ አባቶች ያሉትም ግማሹ ተረስቷል። እንጦንስ ለሃያ ዓመት ያህል ዘግቶ ቢቆይም ከወጣ በኋላ ወንድሞች በዙሪያው ተሰብስበው ይመከሩ ነበር። ጳኩሚስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላይኛው ግብፅ መነኮሳትን በአንድ ግቢና በአንድ ማዕድ ሰበሰበ። ጳጳሱ ባስልዮስ ደግሞ ለብቻው መኖር የሚሻውን ሰው የማንን እግር ልታጥብ ነው ብሎ ጠይቋል። ሩቅ አገርስ ለምን እንሄዳለን? ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በሚርቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ የተማሩ ናቸው። እኛ የወንጌል አማኞች ነን፤ ይህ ግን የሁላችንም የአገር ታሪክ ነው፤ የወሎ ምድር ለብቸኛ ክርስትና ምስክር አይሆንም።

ስልኩ

የጽሑፉ ምሰሶ ይህኛው ነው። «ስልኬ ላይ የማገኘውን ትምህርት የሰፈር ኅብረት ሊሰጠኝ አይችልም» ብለዋል። እውነት ነው፣ አይሰጥም። ችግሩ ኅብረትን ትምህርት ማከፋፈያ አድርጎ ማየቱ ላይ ነው።

ዕብራውያን 10፥24-25ን ቀስ ብለን እናንብበው። «ለፍቅርና ለመልካምም ሥራ እንድንነቃቃ እርስ በርሳችን እንተያይ፤ በአንዳንዶችም ልማድ እንደ ሆነው፥ መሰብሰባችንን አንተው እርስ በርሳችን እንመካከር እንጂ።» የተሰጡት ግሶች «እንተያይ» እና «እንመካከር» ናቸው። «እናድምጥ» አልተባለም። ሁለቱም ግሶች ሁለት ወገን ይፈልጋሉ፤ አንዱ ብቻውን ሊያደርጋቸው አይችልም። ከስልክ ላይ ሰባኪውን ያዩታል፤ እሱ ግን አያይዎትም። ከሳምንት በፊት «አለሁ፣ ደኅና ነኝ» ያለ ልጅ ዛሬ ፊቱ ገርጥቶ፣ መዝሙሩን በከንፈሩ ብቻ እያነበነበ፣ በር አጠገብ ጫማውን ሳያወልቅ ሲቀመጥ የሚያየው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው። ዕብራውያን 3፥13 ደግሞ ምክሩ «በእያንዳንዱ ቀን» ይሁን ይላል፤ ምክንያቱንም ያስቀምጣል፦ «በኃጢአት መታለል እልከኛ እንዳይሆን»። የተታለለ ሰው መታለሉን ራሱ አያውቅም፤ አውቆት ቢሆን መታለል ባልተባለ። ሌላ ዓይን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የዕብራውያን መልእክት የተጻፈላቸው ሰዎች መሰብሰብ ቀላል ስለ ሆነላቸው የተመከሩም አይደሉም። ምዕራፍ 10 ቁጥር 34 ላይ ገንዘባቸው እንደ ተነጠቀ ተጽፏል። ቤት መቅረት የሚያዋጣቸው ሰዎች ነበሩ።

ደግሞም የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ኔትወርክ የሌለበትን ጊዜ አይረሳም። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲደርስባቸው ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወራት ቆየ። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚሠራው ኅብረት በእግር የሚደረስበት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የቤት ኅብረት በወረቀት የተጻፈ ዝርዝር እንዲኖረው እንመክራለን፦ የአባሉ ስም፣ ቤቱ በምን ምልክት እንደሚገኝ፣ የአንድ ዘመዱ ስልክ፣ በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ስሙ። ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ መሪው ጋ፣ አንዱ ሌላ ሰፈር ባለ አባል ቤት። በየስድስት ወሩ ይታደስ፤ ተከራይ ቤት ቶሎ ይቀይራል።

ስልክን አንጠላም። ቀጠሮ ለማስታወስ፣ የሳምንቱን ምንባብ ለመላክ ጥሩ መሣሪያ ነው። ለቅሶ መድረስና እርቅ ግን በስልክ አይሆኑም።

ቅሬው

«ለችግር ቀን ቅሬ አለን» ይላሉ። ወሎ ውስጥ ቅሬን የሚያቃልል ወሎን አያውቅም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ድንኳን ተክሎ፣ ቀባሪ አሰማርቶ፣ ለቀስተኛ አስተናግዶ የሚሸኝበት ትልቅ ነገራችን ነው፤ «እኔ ኅብረት አለኝ» ብሎ ከቅሬው የሚወጣ አማኝ ጎረቤቱን በድሏል። ግን ቅሬ የሚንቀሳቀሰው ሞት ሲሰማ ነው። አንድ ሰው መጸለይ ካቆመ ሦስት ወር እንዳለፈው፣ ደመወዙን ውርርድ ቤት እየጨረሰ እንደ ሆነ፣ ከሚስቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይነጋገሩ እንደ ከረሙ ቅሬ አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይገባውም፤ የተቋቋመበት ጉዳይ ሌላ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

ምስጢሩ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ሰው የልቡን ተናግሮ በሳምንቱ ወሬውን ከማያውቀው ሰው አፍ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ አፉን ዘግቶ ቢኖር አንፈርድበትም። ይህ ግን የሚሆነው ኅብረት በባሕርዩ ወሬኛ ስለ ሆነ አይደለም። መንገዱን መከተል ይቻላል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። 8 ሰው ባለበት ክፍል ሁለት ሁለት ሆነው ሊያወሩ የሚችሉ 28 ጥንዶች አሉ። 12 ሲሆኑ 66 ይሆናሉ፤ 15 ሲሆኑ 105። ወሬ የሚያልፍበት በር በዚያ ልክ ይበዛል። ስለዚህ የቤት ኅብረት ከ6 እስከ 10 ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ 12 ሲሞላ ለሁለት ይከፈል። ብዙ መሪዎች መክፈሉን ይፈሩታል፣ ቤት ሙሉ ሆኖ ማየት ደስ ስለሚል። ነገር ግን 15 ሰው በተሰበሰበበት ሁልጊዜ የሚያወሩት አምስቱ ናቸው፤ አሥሩ ታዳሚ ሆነው ይቀራሉ።

ሁለተኛ፣ ሁሉ ነገር በሁሉ ፊት አይነገርም። ያዕቆብ 5፥16 «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ሲል ስምንት ሰው ፊት ቁሙ አላለም። በጉባኤው የሚነገረው የሥራ፣ የቤተሰብ፣ የጤና ጉዳይ፣ የጸሎት መልስና የመሳሰለው ነው። ኃጢአትና የትዳር ምስጢር በጥንድ ይነገር፤ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት። ጥንዱን መሪው አይመድበው፤ ሰዎቹ ራሳቸው ይምረጡ፣ ከስድስት ወር በኋላም ያለ ቅያሜ መቀየር ይቻል።

ሦስተኛ፣ ትልቁ ቀዳዳ የጸሎት ርዕስ ነው። ወሬ በጸሎት ልብስ ሲገባ ማንም አይጠረጥረውም። «ስሟን አልጠራም፤ ሰኞ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ባሏ ወደ አረብ አገር የሄደባት አንዲት እህታችን አለች፤ ቤቷን ጠላት ገብቶበታልና እንጸልይላት።» ስሟ አልተጠራም፤ ግን ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አወቋት። ደንቡ አጭር ነው፦ እያንዳንዱ የራሱን የጸሎት ርዕስ ብቻ ያምጣ። የሌላ ሰው ጉዳይ የሚነሣው ባለጉዳዩ ፈቅዶ ከሆነ ብቻ ነው፤ አቅራቢውም «ፈቅዳልኛለች» ብሎ ይጀምር። ይህን ያላለውን መሪው በትሕትና ያስቁመው። አንድ ጊዜ ማስቆም ለዓመት ይበቃል።

አራተኛው ቀዳዳ ትዳር ነው። ባልና ሚስት አንዱ የሰማውን ለሌላው መንገር መብቱ ይመስለዋል። በኅብረት የሰሙት ግን የእነሱ ንብረት አይደለም፤ ይህ ገና ሲጀመር በግልጽ ይነገር። አምስተኛው መሪው ራሱ ነው። ለሽማግሌዎች ሲያማክር ስም ያወጣል፤ ጉዳዩን ያለ ስም ማማከር እየተቻለ።

የማይደበቅ ነገርም አለ፤ እሱም አስቀድሞ ይነገር። ሰው ራሱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ ከተናገረ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ሴት ልጅ ቤቷ ውስጥ እየተደበደበች ከሆነ «ምስጢር ነው» ተብሎ አይታለፍም። የሰማው ሰው ባለጉዳዩን ይዞ ወደ ሐኪም ወይም ሕግ ወዳለበት ይሂድ፤ የተጎዳችው ሴት ከሆነች መንገዱን ከእሷ ጋር ይምከር፤ በዚያ ሌሊት ብቻቸውን እንዳያድሩ ያድርግ። ጸሎቱ በመንገድ ላይም ይደርሳል።

ምስጢር ከወጣስ? ማቴዎስ 18፥15 ቅደም ተከተሉን ሰጥቶናል፤ መጀመሪያ ሁለቱ ብቻ። ያወራው ሰው በዚያው ሳምንት ወደ ተጎዳው ይሂድ፤ ለማን ለማን እንደ ተናገረ በስም ይንገረው፤ ከዚያም ወደ ሰማቸው ሰዎች ተመልሶ «ልናገረው የማይገባኝን ተናግሬአለሁ» ይበል። ለጊዜውም የሌላ ሰው ምስጢር አይሰጠው። «ይቅር በሉኝ» ብሎ በጉባኤ ፊት ማልቀስ ብቻውን እርቅ አይሆንም፤ እንዲያውም ያልሰሙትን ሁሉ ያሰማል።

ጸሐፊው የገቡበት ኅብረት ከነዚህ አንዱን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ያ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር ብለን እናምናለን።

«አይዞህ»

«ቃል ሰው አያነሣም» ለሚለው ወሎዬ የራሱ ቃል አለው፤ «አብሽር» እንላለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ቃሉ ውብ ነው፤ ለሁሉ ሰውና ለሁሉ ጉዳይ ሲወረወር ግን ይቀላል። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥14 አራት ዓይነት ሰው ለይቶ አራት የተለያየ ነገር ያዛል፦ ያለ ሥርዓት የሚሄዱትን ገሥጹ፣ ድፍረት የሌላቸውን አጽናኑ፣ ለደካሞች ትጉ፣ ሰውን ሁሉ ታገሡ። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው መድኃኒቱ ሲቀያየር ነው። ሦስት ፋብሪካ አመልክቶ ያጣ፣ ልቡ የወደቀ ልጅ «ሰነፍ አትሁን» ተብሎ ይገሠጻል። ሆን ብሎ ሚስቱን የሚበድል ሰው ደግሞ «አይዞህ፣ ጌታ ያውቃል» ይባላል። ለደካማው «ትጉ» ማለት ደጋግሞ መሄድ ነው፤ አንድ ጊዜ ጎብኝቶ መጥፋት ይብስበታል።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ሲቀመጡ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ሕማሙ እጅግ እንደ በረታ አይተው ነበርና። የሚመሰገኑት በዚያ ነው። ኢዮብ «የምታደክሙ አጽናኞች» ያላቸው ማስረዳት ከጀመሩ በኋላ ነው።

ስለ ሐዘን ተግባራዊውን እንናገር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱ ሰው አያጣም። የሚከብደው ድንኳኑ ከተነሣ፣ ፍራሹ ከተጠቀለለ፣ ከሩቅ የመጣው ዘመድ ከተመለሰ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ኅብረቱ ከቀብር ማግስት ጀምሮ ሌላ ተራ ያውጣ። ሁለት ሁለት ሰው ሆኖ በ10ኛው ቀን፣ በ20ኛው፣ በ40ኛው፣ ከዚያም በወር አንድ ጊዜ እስከ ዓመቱ። ተራው በማስታወሻ ደብተር ይጻፍ፤ «እንሄዳለን» የተባለ ያለ ስም ማንም አይሄደውም። ሲገቡ «ልጅሽን ጌታ ስለ ወደደው ወሰደው» አይበሉ። «እኔም እንዲሁ ደርሶብኝ ነበር» ብለው የራሳቸውን ታሪክ አይክፈቱ። «ዛሬ ምን በላሽ?» ብለው ይጠይቁ፤ ጀሪካኑን ተመልክተው ባዶ ከሆነ ውሃ ያምጡ፤ የሟቹን ስም ለመጥራት አይፍሩ። እናት የልጇ ስም በሌላ ሰው አፍ ሲጠራ መስማት ትፈልጋለች። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሲወጡ የሚመለሱበትን ቀን ይናገሩ።

ገንዘብም የማጽናናት አካል ነው፤ ያዕቆብ 2፥16 «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝን ሰው ይወቅሳልና። 8 ሰው በሳምንት 20 ብር ቢያዋጣ በ50 ሳምንት 8,000 ብር ይሆናል። ትንሽ ነው፤ ግን ሥራው ለቆመበት ሰው የአንድ ወር ጤፍና ዘይት ሊያግዝ ይችላል። ሳጥኑን አንዱ ይያዝ፣ ቁልፉን ሌላው፤ ወጪው ይመዝገብ፣ የተቀባዩ ስም ግን በጉባኤ አይነበብ። አጥብቀን የምንመክረው ግን ከሳጥኑም ሆነ ከአባል ኪስ ብድር እንዳይሰጥ ነው። ከቻላችሁ ስጡ፤ ካልቻላችሁ እንደማትችሉ ንገሩ። የተበደረ ሰው ቀኑ ሲያልፍበት አበዳሪው ካለበት ክፍል መቅረት ይጀምራል፤ አንድ ብድር ሁለት ሰው ያሳጣል።

ቃል ሳይነገር የሚያበረታ ነገር እንዳለም የሐዋርያት ሥራ 28፥15 ያሳያል። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲቃረብ ወንድሞች ሰምተው ሦስት ማደሪያ እስከሚባለው ስፍራና ከዚያም አልፈው ሊቀበሉት ወጡ። ሦስት ማደሪያ ከሮም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ደርሶ የመመለስ ያህል ማለት ነው። የሮሜን መልእክት የጻፈው ያ ሰው «ባያቸው ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰገነ ልቡም ተጽናና» ተብሏል። ምን እንዳሉት አልተጻፈም። አያቸው፤ በቃ።

ፈረቃው

«ጊዜ የለም» የሚለውን የኮምቦልቻ ሰው በደንብ ያውቀዋል። በሦስት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው፣ ፈረቃውም በየሳምንቱ ለሚዞርበት፣ «ዘወትር ረቡዕ ማታ» የሚል ቀጠሮ አይሆንም። ግን ይሰላል። ጠዋት 12 ሰዓት ገብቶ 8 ሰዓት የሚወጣ፣ 8 ሰዓት ገብቶ ማታ 4 ሰዓት የሚወጣ፣ ማታ 4 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 12 ሰዓት የሚወጣ አለ እንበል። ጉባኤው ከቀኑ 11፡30 ላይ ቢሆን የጠዋቱና የሌሊቱ ፈረቃ ይደርሳሉ፤ የሚቀረው የከሰዓቱ ብቻ ነው። ለእሱ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ምንባብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሌላ አጭር ጉባኤ ይደረግ። ፈረቃው ሲዞር ሰዎቹም ይዞራሉ፤ ማንም ሳምንት አያልፈውም። ጥንዱ ደግሞ ከአንድ ፈረቃ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከሥራ ሲወጡ ሩብ ሰዓት አብረው ይሄዳሉ።

ጉባኤው 75 ደቂቃ ይበቃዋል፦ 10 ደቂቃ መዝሙርና ጸሎት፣ 20 ምንባብ፣ 35 መነጋገሪያ፣ 10 መደምደሚያ ጸሎት። 35 ደቂቃ ለ8 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ4 ደቂቃ በላይ ይደርሰዋል። የሚበላሸው ምንባቡ ስብከት ሲሆን ነው፤ መሪው 50 ደቂቃ ተናግሮ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲል ሰው ጫማውን እየፈለገ ነው።

ሌላው ጊዜ የሚበላው መስተንግዶ ነው። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ይጠጣ ከተባለ እሱ ብቻ ከሰዓት በላይ ይወስዳል። ቀድሞ ተቆልቶ ይቆይ፤ አቦሉ ከምንባቡ በፊት፣ ቶናው በመነጋገሪያው ላይ ይቅረብ፤ በረካው ለሚቆይ ሰው ነው። ከቡናና ከቆሎ ሌላ አይጨመር። አንዱ ቤት ዳቦ ከጀመረ ቀጣዩ ቤት ወጥ ውስጥ ይገባል፤ በሦስተኛው ወር አቅም የሌላት እህት ተራዋ ሲደርስ «አሞኛል» ትላለች። አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ቤትም ሊያስተናግድ የሚችለው መስተንግዶው እንዲህ ሲቀል ነው። አከራዩን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ድምፅ ዝቅ ይበል። ግድግዳው ማዶ የሌሊት ፈረቃ የሚገባ ሰው ተኝቶ ይሆናል።

ሸክሙ

መዝጊያ ያደረጉት ገላትያ 6፥5 ከሦስት ቁጥር በፊት ጎረቤት አለው፦ «ከባዱን ሸክማችሁን እርስ በርሳችሁ ተሸከሙ እንዲሁም የክርስቶስን ሕግ ፈጽሙ።» በግሪኩ ሁለቱ ሸክሞች ሁለት ቃል ናቸው፤ የፊተኛው ሰውን የሚያጎብጥ ክብደት፣ የኋለኛው እያንዳንዱ በግሉ የሚጠየቅበት የራሱ ጭነት ነው። የአማርኛው መጽሐፍም «ከባዱን» ብሎ ለይቶታል። ገበያ የቆመ ሰው ሁለቱን አብሮ ያያቸዋል። ተሸካሚው ኩንታሉን ጀርባው ላይ ካደረገ በኋላ ብቻውን ይሄዳል፤ ከመሬት አንሥቶ ጀርባው ላይ የሚያደርገው ግን ሌላ ሰው ነው። «አሸክሙኝ» ይላል። ጳውሎስ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ገጽ የጻፋቸው ሳይጋጩበት ነው።

ተጎድቶ የወጣን ሰው እንዴት እንቀበል ለሚሉ መሪዎች አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ጸሐፊውንም እያሰብን የምንጽፈው ነው። ሰውዬው ሁለት ሳምንት ሲቀር አንድ ሰው ይሂድ፤ ቡድን አይሂድ፤ ቡድን ፍርድ ይመስላል። «ለምን ቀረህ?» አይባል። ሄዶ ይቀመጥ፣ ይጠይቅ፣ ይስማ፤ የበደለው ካለ ስሙን ይዞ ይመለስና ከላይ ያልነውን ያስፈጽም። ያ ሳይሆን «ና ተመለስ» ማለት ዳግም መበደል ነው። ለመመለስ ሲፈቅድ ከቻለ ወደ ሌላ ኅብረት ይግባ። በገባበት ቀን አስነሥታችሁ አታስተዋውቁት፣ ምስክርነት አትጠይቁት፣ ጸልይ አትበሉት። በር አጠገብ ይቀመጥ። አቦሉን ጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ቢወጣም አትከተሉት፤ አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ እስከ አጥሩ ይሸኘው።